ከተማችን በፈላስፋው ሚዛን

መምህር አኔስቲስ ከጡረታ ተጠርተው ሥራ የተሰጣቸው ዕለት ጫማቸውን አስጠርገው፣ በዚያ የሰኔ ሙቀት ከረባት አስረው መጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ከከተማችን ሰው ግማሹ የጥንቱን ግሪክኛ የተማረው ከእሳቸው ነው። እኔም ተምሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜም ጥለውኛል።

"አብረን ነው አሉ የምንዞረው፤" አሉኝ። "አይዞሽ ፎቲኒ፣ ዘንድሮ የሚፈተነው ሌላ ሰው ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈላስፋው የተወለደው ከከተማችን በላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው ፍርስራሽ ውስጥ ነው። አደባባያችን ላይ የእብነ በረድ ሐውልቱ ቆሟል፤ ራሱ ላይ ርግብ አይጠፋም። ዳቦ ቤቱም፣ ነዳጅ ማደያውም፣ በየዓመቱ ከምድቡ የሚወርደው የኳስ ቡድናችንም የሚጠሩት በስሙ ነው። በዚያ ዓመት ከተሰሎንቄ የመጡ ምሁራን ለከንቲባችን ለዚሲስ አንድ ሐሳብ አቀረቡለት። ፈላስፋው ድፍረት፣ ልግስና፣ ገርነት፣ እውነተኝነት፣ ወዳጅነት፣ ፍትሕ እያለ በጎ ምግባሮችን ዘርዝሮ የለ? የዛሬ ሰው በዚያ ዝርዝር ቢመዘን ምን ያህል ይደርሳል? ከራሱ አገር ሰዎች እንጀምርና እንየው አሉ። ቅጽ አዘጋጁ። ቤት ለቤት የሚዞር፣ ማንም በሩን የማይዘጋበት ሰው ሲፈለግ መምህር አኔስቲስ ተገኙ። ቅጽ ተሸካሚዋ ደግሞ እኔ ሆንኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ውሌ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ነው የሚታደሰው።

ሰኔንና ሐምሌን ዞርን። መምህር በየቤቱ ተቀምጠው ከጥያቄው በፊት ማስረዳት ይወዱ ነበር። እያንዳንዱ ምግባር በመብዛትና በማነስ መካከል ያለ ነው ይላሉ፤ በፈሪውና ሳያስብ ዘሎ በሚገባው መካከል ደፋሩ አለ፣ በቋጣሪውና በበታኙ መካከል ለጋሱ አለ። መካከሉን ማወቅ ብቻ ደግሞ አይበቃም፣ እጅ እስኪለምደው መሥራት ነው። የዳቦ ጋጋሪዋ የኡራኒያ ቤት ይህን ሲሉ እሷ በዱቄት እጇ ጉንጯን ደግፋ ሰማቻቸውና፣ "ይኼማ ሊጥ ማሸት ማለት ነው መምህር። እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤" አለች።

"እንዳልሽው፤ ልክ እሱ ነው፤" አሉ ደስ ብሏቸው።

ንብ አናቢው አርጊሪስ ግን ተጠራጠረ። ሲጋራውን ወደ አንድ የከንፈሩ ጥግ ገፋ አድርጎ፣ "ፈላስፋው በልጅነቱ አይደል እንዴ ይችን አገር ጥሎ የሄደ? ተመልሶም አልኖረባት። አሁን ምን ሊያጣራ ነው የሚጠይቀን?" አለ።

"አንተን ሊያጣራ ነው። ቁጥር አራት፤ ንጹሕ ሰው በሐሰት ሲከሰስ ብታይ ትመሰክራለህ?"

"እንዴታ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ በጭራሽ?"

"ሁልጊዜ ይበሉልኝ፤" አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ፎቲኒ፣ በደንብ አጥቁሪው፤" አለኝ። አጠቆርኩት።

የፓንዴሊስ ቤት የሄድነው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ፓንዴሊስ አደባባዩ ላይ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት፣ የከንቲባው የእኅት ባል ነው፤ ለፈላስፋው ሐውልት ማታ የሚበራውን መብራት ያስተከለውም እሱ ነው። ቅጹን ምግብ ቤቱ ሆኖ ሞልቶልን ነበር። ቤቱ የሄድነው ለእናቱ ለኪራ ስታማታ ነው። ኪራ የምንለው አሮጊቶቻችንን ነው። ኪራ ስታማታ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ሲሆን ከአልጋ ሳይወርዱ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በሩን የከፈተችልን ናቴላ ናት።

ናቴላ ከጆርጂያ የመጣች፣ ሃምሳ የሞላት፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት። እዚያ ቤት ስትኖር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሮጊቷን "አያቴ" ትላቸዋለች። ስንገባ ጎናቸው እንዳይቆስል ከግራ ወደ ቀኝ እያገላበጠቻቸው ነበርና ቆመን ጠበቅን። ኪራ ስታማታ ለሁለት ጥያቄ መልሰው ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

"እንግዲያው አንቺ ነሽ፤" አሏት መምህር።

"እኔም ከከተማው ሰው እቆጠራለሁ እንዴ?"

"ዘጠኝ ዓመት ካልበቃ ስንት ይበቃል? እውነተኝነት ላይ ነን። ትዋሻለሽ?"

ናቴላ አንሶላውን እያጠፈች ትንሽ አሰበች። "እዋሻለሁ። እሁድ እሁድ ልጄ ስትደውል፣ ደኅና ነኝ፣ የራሴ መስኮት ያለው ክፍል አለኝ እላታለሁ።"

መምህር ያን ጊዜ ስለ ክፍሉ አልጠየቁም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መልሷን ጻፍኩ። ነሐሴ መግቢያ ላይ ቅጾቹ ሲላኩ ተሰሎንቄ ያሉት ሰዎች የእሷን መልሰው ላኩት፤ በነዋሪነት አልተመዘገበችም ብለው።

የእኛ ውጤት አማረ። ወዳጅነት ከአስር ዘጠኝ። ፍትሕ ስምንት ተኩል። ድፍረት ስምንት። ዚሲስ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። መስከረም ላይ በሐውልቱ ሥር በዓል ይደረጋል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ መምህር አኔስቲስ ቆመው ያነባሉ ተባለ።

ከዚያ ፍልሰታ ደረሰ።

ጾሙ በሚፈታበት ቀን እኛ ጋ ሥዕለ ማርያም ወጥታ አደባባዩን ትዞራለች፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ፓንዴሊስ ጋ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ዘጠና ሰው ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው እስከ ፈላስፋው እግር ደርሰዋል። የፍየል ጥብስ፣ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ወይን ጠጅ በላይ በላዩ ይመጣል። ሙቀቱ ራስ ያዞራል። እኔና መምህር የተቀመጥነው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። ፓንዴሊስ ሁለት አስተናጋጆች ቀርተውበት ላብ በላብ ሆኖ ይሯሯጣል። ስድስት ሰዓት ገደማ ከጓሮ በኩል ናቴላን ይዟት ሲገባ አየሁ። የሚነጋገሩት ይሰማኛል።

"አያቴን ብቻዋን ልተዋት?" አለች።

"ተኝታለች አላልሽም? አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ልጇ አይደለሁ የምልሽ።"

"ስትነቃ ውኃ ትፈልጋለች።"

"ናቴላ፣ ዘጠና ሰው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እባክሽ።"

ሽርጥ አሰረች። መጀመሪያ ሳህን ታጥብ ነበር፤ በኋላ ወደ ጠረጴዛውም ማመላለስ ጀመረች። የእኔን ሳህን ያስቀመጠችው እሷ ናት። ለኡራኒያ ሎሚ አመጣችላት። አርጊሪስ፣ "ናቴላ፣ ዛሬ ደግሞ ተሾምሽ?" ብሎ ቀለደባትና ሰው ሳቀ። ሁለት ጊዜ ሽርጧን ፈታ ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት። ሁለቱንም ጊዜ ፓንዴሊስ መለሳት፤ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በዓይኑ። አንዱ ሰዓት አምስት ሆነ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለቀቃት። እየሮጠች ስትሄድ ጫማዋ ሲንሸራተትባት ትዝ ይለኛል። ኪራ ስታማታን ከአልጋቸው ሥር ወለሉ ላይ አገኘቻቸው። ለመነሳት ሞክረው ወድቀዋል። የውኃው ብርጭቆ ኮመዲኖው ላይ ነበር። ሐኪሙ ከሞቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል አለ። ከመሞታቸው በፊት ስንት ሰዓት ወለሉ ላይ እንደቆዩ ግን ማንም አልተናገረም።

ቀብር ላይ ናቴላ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ አለቀሰች። ያን ቀን ማንም ምንም አላላትም። ነገሩ የተበላሸው ልጃቸው ዴስፒና ከጀርመን ስትመጣ ነው። ዴስፒና እናቷን ለሦስት ዓመት አላየችም። ጥቁር ለብሳ የወንድሟን ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ "ብቻዋን የሞተችው እንዴት ነው? ሰው የለም ነበር?" የሚል ነበር። ፓንዴሊስም፣ "ሴትዮዋ ጥላት ወጥታ፤" አላት። ምናልባት በዚያች ቅጽበት ሌላ ቃል አልመጣለትም። ዴስፒና ግን እዚያው ተነስታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። በማግሥቱ ናቴላን ወሰዷት። ወረቀቷ ሲመረመር የመኖሪያ ፈቃዷ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፓንዴሊስ አሳድስልሻለሁ እያለ አቆይቷት ነበር።

መምህር በሰሙበት ሰዓት ከረባታቸውን አስረው ጣቢያ ሄዱ። እኔ ደጅ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ ፊታቸው ገርጥቷል።

"መኮንኑ የተናገርኩትን ጻፈ፤" አሉ። "ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና፣ መምህር፣ ዓይንዎን መቼ ነው የሚታከሙት አለኝ። የዓይኔን ሞራ ያውቃል፤ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ያደገ ነው። ያዩት እሷን ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለኝ። ሳህኔን አስቀምጣ፣ መምህር ይብሉ እንጂ ብላኛለች አልኩት። አንድ ምስክር፣ እሱም አዛውንት፣ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ካለ ያምጡ አለ።"

"ዘጠና ሰው አለ'ኮ።"

"እኔም እንደዚያ አልኩት።"

ስለዚህ እንደገና ዞርን። ያንኑ በር፣ ያንኑ ደረጃ። ልዩነቱ ቅጽ አለመያዛችን ብቻ ነው። መምህር መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር። "ያዩትን ተናገሩ ማለት'ኮ ነው። ምን ይከብዳል?" ይሉኛል መንገድ ላይ።

ኡራኒያ ወንበር አቀረበች፣ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን። የመጣንበትን ስንነግራት ጨርቅ አንስታ ንጹሕ የነበረውን ጠረጴዛ ትወለውል ጀመር።

"እኔ ያን ቀን ጀርባዬን ለወጥ ቤቱ ሰጥቼ ነበር።"

"ሎሚ ያመጣችልሽ እሷ ናት፤" አልኳት።

"ሎሚውን ነው እንጂ እጇን አላየሁም። ፎቲኒ፣ ዴስፒና'ኮ የክርስትና እኅቴ ናት። ጥቁር ለብሳ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። አሁን ሄጄ ወንድምሽ ነው ልበላት? ወዳጅ እንደዚያ ያደርጋል?"

መምህር ዳቦውን ሳይነኩት ተነሱ።

አርጊሪስ ቀፎዎቹ መካከል ነበር። ጭስ ማጤሻውን አስቀምጦ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ቀና ሰው ነው፤ አልካደም።

"አይቻታለሁ፤" አለ። "ቀልጄባትም ነበር። ግን መምህር፣ እናቱ የሞተችበትን ሰው እንዴት ነው የምከሰው? ሐዘን ላይ ነው። ምግብ አይበላም አሉ። ትንሽ ይቆይ፣ ሐዘኑ ይብረድለት።"

"እሷ እስር ቤት ናት አርጊሪስ።"

"የሚያደርጓት ነገር የለም። አገሯ ይልኳታል፤ አገሯ ደግሞ ልጇ አለች። ይኼ ያን ያህል ክፉ ነገር ነው?"

"ተከሳ ነው የምትሄደው። አሮጊት ገደለች ተብላ።"

አርጊሪስ ጭስ ማጤሻውን አነሳ። በትሕትናም፣ "ንቦቹ ሊቆጧችሁ ነው፣ ከዚህ ዞር በሉ፤" አለን።

እንዲህ እያልን አስራ ሰባት ቤት ዞርን። አንድም ሰው አላባረረን። አንድም ሰው አልተቆጣን። አንዱ ከተማችን በዓል ሊኖራት ሲል ስሟን ማጉደፍ አይገባም አለ። ሌላው ፍርድን ለዳኛ መተው ነው ትክክለኛው አለ። ቄሱ ሁለቱንም በጸሎት አስባቸዋለሁ አሉ፤ ያስቧቸውማል፣ አልጠራጠርም። የሚያስጨንቀው ይኼ ነበር፤ እንቢ ያለን ሁሉ እንቢ ያለን በአንድ መልካም ነገር ስም ነው። መምህር ከእያንዳንዱ ቤት ሲወጡ ደረጃውን ይበልጥ ቀስ ብለው ይወርዱ ጀመር። አስራ ሰባተኛው ቤት ደጃፍ ላይ አረፍ አሉና መሃረባቸውን አውጥተው አንገታቸውን ጠረጉ።

"ሁለት ወር ሙሉ እነዚህን ሰዎች ስጠይቅ ማንም አልዋሸኝም፤" አሉ። "ይኼ ነው የገረመኝ። አርጊሪስ ሁልጊዜ እመሰክራለሁ ሲል ከልቡ ነበር።"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። በደከመው ዓይናቸው ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም።

"አንቺስ ፎቲኒ?"

ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ከሁሉም ሰው በላይ ያየሁና የሰማሁ እኔ ነኝ፤ ፓንዴሊስና ናቴላ የተባባሉትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። መልሱ ተዘጋጅቶ አፌ ውስጥ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ውሌ ታኅሣሥ ላይ ነው መምህር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ገባኝ፤" አሉ። እውነትም ገብቷቸዋል፤ ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ሙቀቱ አወራን።

በማግሥቱ ከቅጾቹ የተረፉትን ላደርስላቸው ስሄድ ፓንዴሊስን እቤታቸው አገኘሁት። የተማሪ መቀመጫ በምታህል ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጢሙን አልተላጨም። ልመለስ ስል መምህር፣ "ግቢ፤ አንቺም ስሚው፤" አሉ።

"በየቤቱ እየዞሩ ነው አሉኝ፤" አለ ፓንዴሊስ። "ምን እንዳደርግ ነው የሚፈልጉት?"

"የሆነውን እንድትናገር።"

"ለማን? ለእኅቴ? እናታችንን ለሳህን ብዬ ነው የገደልኳት ልበላት?"

"አልገደልካትም። አንድ ቀን ተሳስተሃል።"

"እኔ ነኝ የምነግርዎት እንጂ እርስዎ አይነግሩኝም። አጠገቤ መቶ እርምጃ ላይ ወለል ላይ ወድቃ ስትጣራ እኔ ወይን ጠጅ እቀዳ ነበር።" አፉን በመዳፉ ያዘ። "ናቴላ ጥሩ ሰው ናት። አውቃለሁ። ጠበቃ እይዝላታለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ጠበቃ ከያዝኩላት ዴስፒና ለምን ብላ ትጠይቀኛለች።"

 መምህር የሚናገሩትን ልገምት ሞከርኩ፤ ከፈላስፋው አንድ ነገር ይጠቅሳሉ ብዬ ነበር። አልጠቀሱም።

"ፓንዴሊስ፣ እባክህን፤" ብቻ አሉት።

ተነሳ። እጃቸውን ጨበጠ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ "እችል እንደሆነ አያለሁ፤" አለ። እኔም እሳቸውም ወዲያው አወቅን። የተናገረው መቻል እንደማይችል ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ ማስታወስ ይከብደኛል። ቤተ መጻሕፍት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰው ሰላም ይለኛል። ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በቤተ መጻሕፍቱ በር በኩል ነው፤ በቀን አራት ጊዜ አየዋለሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ጣቢያው አጥር ሄጄ ተመልሻለሁ፤ አንዴ የረሳሁት ነገር ያለ መስዬ ቦርሳዬን እየፈተሽኩ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ገባሁ። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ለየት ያለ ቀን አልነበረም።

መኮንኑ ወንበር ሰጠኝ። "ስለ ናቴላ ጉዳይ መመስከር እፈልጋለሁ፤" አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲያውም ኮራሁ፣ ይህን አልደብቅም።

አንድ አቃፊ አውጥቶ ገለጠ። "ይኼ'ኮ ተዘግቷል ወይዘሮ ፎቲኒ። የአሮጊቷ ጉዳይ በማስረጃ እጥረት ተዘግቷል። ሴትዮዋ ላይ ክስ አልተመሠረተም።"

"ታዲያ ትለቀቃለች?"

"ተሰሎንቄ ተልካለች። በፈቃዷ ጉዳይ ነው፤ የማስወጣት ትዕዛዝ ነው። ያ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ትናንት መሰለኝ ከአገር የወጣችው።"

"እኔ የማውቀውን ብናገር ምን ይለውጣል?"

አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም። "ሐምሌ ላይ ቢሆን..." ብሎ ጀመረና ወሩ እንደተሳሳተበት አየ። "ባለፈው ሳምንት ቢሆን እንኳ ጠበቃ ይጠቀምበት ነበር። ቤተሰቡ አሠሪዋ መሆኑ ከተመሰከረ ፈቃዷን በዚያ በኩል መከራከር ይቻል ነበር። አሁን የምጽፍበት መዝገብ የለኝም።"

"ቢሆንም ጻፉልኝ።"

"የት ላይ?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ለመምህር ነገርኳቸው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ሄድሽ ማለት ነው፤" አሉ። "ዘገየሁ፤" አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

የመስከረሙ በዓል አልቀረም። ወንበሮች ተደረደሩ፣ ከተሰሎንቄ እንግዶች መጡ፣ የተማሪ ቤቱ ሙዚቀኞች ነጭ ጓንት አደረጉ። ፓንዴሊስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ተቀምጧል። ዴስፒና ወደ ጀርመን ተመልሳለች። ዚሲስ ንግግር አደረገና መምህርን ጠራ። አስቀድሜ ይተዉት ብያቸው ነበር፤ ታመምኩ ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። "ቃል ገብቻለሁ፤" አሉኝ።

ወረቀቱን አውጥተው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቁጥሮቹን አነበቡ። ወዳጅነት፣ ፍትሕ፣ ድፍረት፣ እውነተኝነት። ሰው በየመካከሉ አጨበጨበ። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ግን አልወረዱም።

"የፍልሰታ ዕለት እዚህ ዘጠና ሰው ነበርን፤" አሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩት ነው፣ ከፍም ዝቅም አላለም። "ናቴላ የምትባል ሴት ከስድስት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ምግብ አቀረበችልን። በላን። በኋላ የት ነበረች ተብለን ስንጠየቅ አላየንም አልን። እኔ ጣቢያ ሄጄ ያየሁትን በመናገሬ ልኮራ እችል ነበር፤ ግን እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመኖሪያ ወረቀት አላት ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ የተነበበው ቁጥር ትክክል አይመስለኝም። ስንት እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። አመሰግናለሁ።"

 አሁን አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ ሰው ይነሳል፣ ፓንዴሊስ ይጮኻል፣ ዚሲስ ድምፅ ማጉያውን ይቀማቸዋል። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ እንግዳ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር። ኡራኒያ እንባዋን እየጠረገች አጨበጨበች። አርጊሪስ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ አጨበጨበ። ፓንዴሊስም አጨበጨበ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ፣ ግን አጨበጨበ። አዛውንት መምህራቸው በሕዝብ ፊት ተናግረው ሲጨርሱ ሰዎች የሚያጨበጭቡትን ያህል አጨበጨቡላቸው። መምህር የሰውን ፊት ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ደረጃውን ልደግፋቸው ሄድኩ።

"ምን ሆነው ነው የሚያጨበጭቡት?" አሉኝ በጆሮዬ።

ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

እንግዶቹ በኋላ እጃቸውን እየጨበጡ ልብ የሚነካ ንግግር ነው አሏቸው። አንዷ ቅጂ ጠየቀቻቸው።

ታኅሣሥ ላይ ውሌ ታደሰ። ዚሲስ ፈርሞ፣ "መልካም ዓመት ፎቲኒ፤" አለኝ። ጣቢያ መሄዴን ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዞር ብሎም አላነሳውም። ቀድሜ ብመሰክር ያባርረኝ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱን የማገኝበት መንገድ የለም።

የካቲት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ተደወለ። ናቴላ ነበረች። መስመሩ ይቆራረጣል። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ቶሎ አቋረጠችኝ፤ ለዚያ አልደወለችም።

"ፎቲኒ፣ ሌላ አገር ሥራ አግኝቼ ነበር። አሮጊት መጠበቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት የት ነበርሽ አሉኝ። የሠራሁበት ወረቀት ይፈልጋሉ። ፓንዴሊስ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። አንቺ ማዘጋጃ ቤት አይደለሽ? በማኅተም የተጻፈ ነገር ትልኪልኛለሽ?"

"ማኅተሙ ከንቲባው ጋ ነው።"

"እህ፤" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "ያለ ማኅተምም ቢሆን፤" አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ መምህር ሄድኩ። ዓይናቸው ብሶበት ስለነበር እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ብዙ ደክመንበታል። "ታማኝ" እንበል ሲሉ እኔ "ታማኝ ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ ምን እንደሠራች እንጻፍ፤" አልኳቸው። ስለዚህ የምናውቀውን ጻፍን። በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣቸው እንደነበር። በአራት ዓመት የአልጋ ኑሮ የአሮጊቷ ገላ አንድም ቀን እንዳልቆሰለ። ሲተኙ ድምፅ እንዳይረብሻቸው ጫማዋን አውልቃ እንደምትሄድ። በመጨረሻው ቀንም ታዝዛ እንጂ በፈቃዷ ጥላቸው እንዳልወጣች፣ ይህንንም በዓይናችን እንዳየን። ስማችንንና አድራሻችንን ከሥሩ አሰፈርን፤ መምህር ፊርማቸውን የት እንደሚያኖሩ ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው።

በማግሥቱ በሰጠችኝ አድራሻ በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ደርሷት ሥራውን አግኝታበት እንደሆነ አላውቅም። የደወለችበትን ቁጥር ደጋግሜ ሞክሬያለሁ፤ አንድ ሰው በማይገባኝ ቋንቋ ያነሳና እኔ "ናቴላ" ስለው ይዘጋዋል።